ያልተለኩት አሥራ አራት

“አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ አያምም” አለች ለካኪዋ፤ የሕፃኗን ግራ ክንድ ዘረጋችው። መለኪያው እንደ ጥብጣብ የሳሳ ነገር ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም አለው። ከትከሻዋና ከክርኗ መሃል አዙራ፣ ጫፉን በቀዳዳው አስገብታ ቀስ ብላ ሳበችው። አረንጓዴው አለፈ። ቢጫውም አለፈ። ሲቆም አጥንት ላይ ነው የቆመው።

“ስንት አለ?” አለች ነርሷ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል።

“አሥር ነጥብ አራት።”

“ቀይ ነዋ!”

“ቀይ ነው።”

ልጅቷ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። አላለቀሰችም፤ ማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል። እናቷ ጭኗ ላይ አስቀምጣት፣ አንዴ ክንዷ ላይ የተጠመጠመውን ባለቀለም ነገር፣ አንዴ የለካኪዋን ፊት እያየች፣ “ቀይ ደህና ነው?” ብላ ጠየቀች።

ለካኪዋ ጥብጣቡን ከልጅቷ ክንድ ላይ ፈታችው።

ለካኪዋ በዚህ ሰፈር ሜትር ትባላለች። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አለ፤ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች የልጆች ክንድ ስትለካ ሰው ስሟን ረስቶታል። ልጆች ከሩቅ ሲያዩዋት “ሜትር መጣች!” ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጡንቻቸውን ያሳዩዋታል። ባሏ እንኳን ሲቆጣ “አንቺ ሜትር” ነው የሚላት። እሷም ስሙን አትጠላውም፤ ሰው በሥራው ሲጠራ ምን ክፋት አለው ትላለች።

ነርሷን ደግሞ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ሃምሳን ያለፈች፣ ምላሷ ከመርፌዋ ቀድሞ የሚወጋ፣ ከወጋች በኋላ ግን ማሸት የማትረሳ ሴት ናት። የሕፃኗን ካርድ ልትጽፍ ብዕሯን አነሳችና እናቲቱን፣ “ሰፈራችሁ የት ነው?” አለቻት።

“ማዶ። ከወንዙ ወዲያ።”

የሲስተር ብዕር ቆመ። “ማዶ?” ብላ ወደ ሜትር ዞረች። “ማዶ ቀይ የለም አላልሽም እንዴ? ቢጫም የለም። አሥራ አራቱም አረንጓዴ ናቸው ብለሽ አይደል ያስረከብሽኝ?” መዝገቡን ጎትታ ገጹን ትገልጥ ጀመር። “ይኸውልሽ፣ ስድስተኛው መስመር። ሴት፣ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር። አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ። ከሃያ ሦስት ቀን በፊት። የማን ጽሑፍ ነው ይሄ?”

“የኔ።”

“በሃያ ሦስት ቀን ወደ ሦስት ሴንቲሜትር?”

ሜትር መለኪያውን መጠቅለል ጀመረች። አንዲት ጥብጣብ ለመጠቅለል ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። እሷ ግን ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። “ተቅማጥ ይዟት ይሆናል” አለች።

“ተቅማጥ ይዟት ነበር?” ሲስተር እናቲቱን ጠየቀች።

“ኧረ! ምን በልታ?”

ሲስተር ተነስታ ተንበረከከችና የልጅቷን ሁለት እግሮች ይዛ በአውራ ጣቶቿ ጫን አደረገች። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።” ጣቶቿን ስታነሳ በሁለቱም እግሮች ላይ ጉድጓድ ቀረ። ቶሎ አልሞላም።

“እብጠት” አለች። “ይቺ እዚህ የምትታከም አይደለችም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ገብታ መተኛት አለባት።”

“እብጠት ነው?” እናትየው ፊቷ ተለዋወጠ። “እኔ እኮ… እግሯ ሞላ ሲል ወፈረችልኝ ብዬ ነበር። ለጎረቤትም አሳይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።”

ሜትር ይሄን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሲስተር ለልጅቷ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ በማንኪያ እንዲሰጣት አዘዘችና፣ ሜትርን በዓይኗ ጠርታ ወደ መድኃኒት ማስቀመጫው ክፍል አስገባቻት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ ካርቶን ላይ መደገፍ አለበት። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

“ፊቴን እዪኝ። ማዶ ሄደሻል፣ አልሄድሽም?”

“ሄጃለሁ።”

“ሄደሻል?”

“ሄጃለሁ አልኩሽ እኮ ሲስተር! ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?”

ሲስተር ፊቷን አጢና አየችው። “እሺ” አለች በመጨረሻ፣ “ሄደሻል።” ወጥታም ሄደች። ብትሰድባት ለሜትር ይሻላት ነበር።

እውነቱ እንግዲህ ይሄ ነው። ከሃያ ሦስት ቀን በፊት ሜትር የእርዳታ ድርጅቱ አርማ ያለበትን ሰደርያዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከቤቷ ወጥታለች። ወንዙ ድረስም ሄዳለች። ወንዝ ይባላል እንጂ ውሃ ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል። መሻገሪያው ጋ ስትደርስ አንዲት ዛፍ ስር ተቀመጠች፤ ልረፍ ብላ ነው። ከዚያ ሆና ማዶ ያሉት ዘጠኝ ቤቶች ይታዩዋታል፤ ግድግዳቸው የድሮው ነው፣ ጣሪያቸው ግን የእርዳታ ሸራ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮው አሁን የት እንዳለ እሷም ታውቃለች፣ ሰፈሯም ያውቃል።

በጦርነቱ ጊዜ የማዶ ሰዎች ቤታቸውን እንዳለ ጥለው ሸሽተው ነበር። በሸሹ በሦስተኛው ቀን የወዲህኛው ሰፈር ሰው ተሻግሮ የቀናውን ተሸክሞ ተመለሰ። ቆርቆሮ የነቀለ አለ፤ በር የገነጠለ አለ፤ ከነቃጫው ፍራሽ ያመጣ አለ። የሜትር ባል ያመጣው ሰማያዊ የውሃ በርሜል ነው። ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል፤ ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም ኮከብ ተስሎበታል፣ ባለቤቱ ከሰው በርሜል እንዳይቀላቀልበት ይሆናል።

“የሰው ሀቅ ነው” ብላው ነበር።

“እኛ ባንወስደው ሌላው ይወስደዋል” አላት። የሰው ሀቅ ነው ያለችውን በርሜል በማግስቱ በአሸዋ አሽታ አጥባ ውሃ ሞላችበት። ሰው ነዋ! ድርቁ ሲመጣ ደግሞ በርሜሉ የቤቱ ጌታ ሆነ። የውሃ መኪና በሳምንት አንዴ ስትመጣ በርሜል ያለው ሳምንቱን ይዘልቃል፤ የሌለው በጄሪካን ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ረፋድ ላይ ይመለሳል። ባሏ ከዚያ በኋላ በጦርነቱ እግሩን ተመትቶ ጄሪካን መሸከም አይችልም። ሦስት ልጆች አሉ። “እንመልስላቸው” የሚለው ነገር ምላሷ ላይ መጥቶ ያውቃል፤ ከምላሷ ግን ወርዶ አያውቅም።

ከስምንት ወር በፊት የማዶ ሰዎች ተመለሱ። ከዚያ ጀምሮ ሜትር ገበያ ላይ ከነሱ አንዱን ካየች በሌላ ረድፍ ትዞራለች። ማንም ምንም ብሏት አያውቅም፤ ግን ነገር ያለበት ዝላይ አይችልም። በየቤታቸው ገብታ፣ ተቀምጣ፣ ልጃቸውን ታቅፋ፣ “ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት? የምታስቀምጡበት ንጹሕ ዕቃ አላችሁ?” ብላ መጠየቅ አለባት። ቅጹ ላይ አራተኛው ጥያቄ ነው።

ዛፏ ስር ሆና የሕፃናቱን ስም ዝርዝር አወጣች። ሥራዋን ስለምታውቅ ውሸቷም የባለሙያ ነበር፤ ቁጥሮቹን አለያየቻቸው፣ አንዱን አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሌላውን አሥራ ሦስት ነጥብ አራት አደረገችው። እውነት እንዲመስል አንድ ሁለት ቢጫ ልትጨምር አስባ ነበር። ግን ቢጫ የተባለ ሕፃን በአሥራ አምስት ቀኑ መጎብኘት አለበት፤ መጎብኘት ደግሞ መሻገር ነው። ተወችው። “የሚቀጥለው ወር በደንብ እለካቸዋለሁ” ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ቤቷ ገብታም ሙቀት ስለነበር ውሃ ጠጣች።

ዛሬ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሱፐርቫይዘሩ መኪና ጤና ኬላው በር ላይ ቆመ። ሱፐርቫይዘሩ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ እንቅልፍ ያነሰው፣ ሁለት ስልክ የሚይዝ ልጅ ነው። ክፉ አይደለም። ሃያ ሁለት ጤና ኬላ በአንድ መኪና ስለሚዞር ብቻ ሁልጊዜ እንደዘገየ ሰው ነው የሚናገረው።

“ሜትር! የኔ ጀግና!” አለ ሲገባ። “የናንተን ሪፖርት ስከፍት ብቻ ነው ራሴን የማያመኝ።”

“ዛሬ ያምሃል” አለችው ሲስተርና ሕፃኗን አሳየችው።

ልጅቷን አይቶ፣ መዝገቡን አይቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ማዶ ዜሮ ነው ብለን ልከናል እኮ። ምግቡ የሚጫነው በዚያ ነው። መኪናው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከመጋዘን ይጫናል፤ ነገ እዚህ ይደርሳል። ከዚህ በኋላ እስከሚቀጥለው ወር የሚመጣ አልሚ ምግብ የለም። ለማዶ አንድም ፓኬት አልተያዘም።”

“ይቺ ጤና ጣቢያ ትተኛለች” አለች ሲስተር። “የቀሩትስ?”

“የቀሩት አረንጓዴ ናቸዋ። ሜትር ለክታቸዋለች።”

ሲስተር ሜትርን አየቻት።

“እሺ፣ እኔ በመኪናዬ እናትና ልጇን አደርሳለሁ” አለ ሱፐርቫይዘሩና ከቦርሳው አንድ ቅጽ አወጣ። “ብቻ ይሄ መሞላት አለበት። ዘግይቶ የተገኘ ሕፃን ካለ ምክንያቱ ይጻፋል፤ አለዚያ ጤና ጣቢያው ሲቀበላት እኔን ነው የሚጠይቁኝ።” ወደ እናቲቱ ዞረ። “እናት፣ ልጅቷ ባለፈው ስትለካ ደህና ነበረች። ምን ሆና ነው እንዲህ የሆነችው?”

እናቲቱ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። “እኔ ስትለካ አላየሁም ጌታዬ። ውሃ ልቀዳ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፤ ስመለስ ፀሐይ ከፍ ብሏል። ልጅቷ ከአማቴ ጋር ነው የምትውለው። አማቴ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል፣ ነገርም ትረሳለች። ሰው መጣ አላለችኝም። መጥተው ይሆናል።”

“መጥተዋል” አለ፣ መዝገቡን በጣቱ እየመታ። “ተጽፏል። አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ። ይሄ እኮ ጤነኛ ልጅ ነው።”

“ጤነኛ ነበረች?”

“በዚያ ቀን፣ አዎ።”

ሴትዮዋ መዝገቡን አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ለማያነብ ሰው ይበልጥ ይከብዳል። “ለኔ ከዚያ በፊትም የከሳች መስሎኝ ነበር” አለች ቀስ ብላ። “ልብሷ ሲሰፋባት፣ አሁን ነው ወይስ ድሮ እያልኩ… መጽሐፉ ደህና ነበረች ካለ እንግዲህ እኔ ነኝ። በነዚህ ቀናት በኔ እጅ ነው የከሳችው ማለት ነው።” ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። “ስንመለስ ቤቱ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ የጠበቀን ግድግዳው ብቻ ነው። ውሃ፣ እንጨት ስል እሷን ዘንግቻት ነው። እናት ሆኜ አላየኋትም።”

“አይ፣ እንደዚያ አትበይ…” ብላ ሜትር ጀመረች።

ሱፐርቫይዘሩ ጻፈና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። “‘ሕፃኗ በልኬቱ ቀን ጤነኛ ነበረች። እናቲቱ ቸል በማለቷ ዘግይታ አምጥታታለች።’ ለሥርዓቱ ነው እናት፣ ማንም አይቀጣዎትም። ሜትር፣ አስፈርሚያት።”

የማኅተሙ ቀለም መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሜትር አወጣችው፤ ክዳኑን ከፈተችው፤ ከሴትዮዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ይሄን ሥራ ሺህ ጊዜ ሠርታዋለች፤ የሰው አውራ ጣት ይዞ ቀለም ላይ ጫን፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ጫን። ሴትዮዋ ጣቷን ራሷ ዘርግታ ሰጠቻት። ቆዳው ሻክሯል፤ መዳፉ ላይ የጄሪካን እጀታ መስመር ሠርቶበታል።

“እግዜር ይስጥሽ እህቴ” አለቻት ሴትዮዋ። “አንቺስ ሥራሽን ሠርተሽ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።”

ጣቷ ቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ሜትር ያዘችው። አጥብቃ ነው የያዘችው፤ ሴትዮዋ እስክትደነግጥ ድረስ።

“አልሄድኩም” አለች።

“ምን?” አለ ሱፐርቫይዘሩ።

“ማዶ አልሄድኩም። ይቺን ልጅ ዛሬ ነው ያየኋት። አሥራ አራቱንም አልለካኋቸውም። ወንዙ ዳር ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ከራሴ ጻፍኩት።” ሲስተርን ልታያት አልደፈረችም። “ቅድም ዋሽቼሻለሁ ሲስተር።”

ሲስተር “አውቄያለሁ” ብቻ አለች።

ውጭ ወረፋ የያዙት እናቶች ጨዋታ በመስኮቱ ይሰማል፤ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ትቆጣታለች። የሴትዮዋ ጣት ቀለም እንደተቀባ አየር ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

“ታዲያ ከስታለች ያልኩት… ልክ ነበርኩ?”

“ልክ ነበርሽ።”

“ያኔም ከስታ ነበር?”

“ከስታ ይሆናል። አላየኋትም። ያየሽው አንቺ ነሽ።”

ሴትዮዋ ልጇን አየቻት። ከዚያ ሜትርን፣ ልክ ዛሬ ገና እንዳገኘቻት ሁሉ፣ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። “ለምንድነው ያልመጣሽው?” አለች። “ሩቅ አይደለንም እኮ። ጠልተሽን ነው?”

“ኧረ በፈጣሪ! አፍሬ ነው።”

“ምን አድርገሽን?”

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሱፐርቫይዘሩም ቢሆን ከዚህ በላይ መስማት የፈለገ አይመስልም። “ያኔ ስትሸሹ” አለች ሜትር፣ “ባሌ ከሰፈራችሁ የውሃ በርሜል አምጥቷል። የናንተ ይሁን የጎረቤታችሁ አላውቅም። እስከ ዛሬ እኛ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ዓይናችሁን ማየት አቃተኝ።”

“በርሜል?”

“በርሜል።”

“ለበርሜል ብለሽ?” ሴትዮዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀል ነበር። “ማን ምን እንደወሰደ እኮ አንድ በአንድ እናውቃለን። ስንመለስ ሽማግሌዎቻችን ተነጋግረው፣ ‘ዕቃ ብለን ሰው አንጥላ’ አሉ። አንጠይቅም ብለን ተስማማን። በርሜሉን ማንም ሊጠይቅሽ አልነበረም እኮ! አንቺ ግን ልጄን…” ቃሉ አልወጣላትም። ቀለም የነካ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችው።

ይቅርታ የሚለው ቃል እንኳ ለሜትር አፏ ውስጥ አነሰባት። እሱንም ብትል ሴትዮዋ እሺ ማለት ይኖርባታል፤ ይቺን ሴት ከዚህ በላይ ደግሞ ምን ይጠይቋታል?

ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን አጣጥፎ ቀደደው። ፊቱ ገርጥቷል። “ሰባት ዓመት” አለ። “ለሌሎቹ ምሳሌ አድርጌ ስምሽን የማነሳው እኔ ነኝ። ምን እንደምል አላውቅም።” ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተው። “ሰደርያሽን አውልቂ። አሁን ከኔ ጋር ወደ ቢሮ ትሄጃለሽ፤ የሆነውን በጽሑፍ ታስረጃለሽ። ራስሽ ስለተናገርሽ ምናልባት በማስጠንቀቂያ ያልፉሽ ይሆናል፤ እኔም እናገርልሻለሁ። ዛሬ ካልቀረብሽ ግን አለቀ፣ ከመዝገብ ነው የምትሰረዢው።”

“የቀሩት አሥራ ሦስት ልጆችስ?” አለች ሲስተር።

“ነገ ሌላ ለካኪ እልካለሁ።”

“መኪናው የሚጫነው ዛሬ ነው አላልክም?”

“ታዲያ ምን ላድርግ ሲስተር? ያልተለካ ልጅ ላይ ምግብ አልጭንም! እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተለካ ቁጥር ከመጣልኝ እመዘግባለሁ። ካልመጣ በቃ፣ የሚቀጥለው ወር ነው።”

ሲስተር በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ወረፋው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ እናቶች አሉ፤ ሁለቱ ነፍሰ ጡሮች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጤና ኬላው ውስጥ ከሷ ሌላ ነርስ የለም። ለራሷ የሆነ ነገር አጉረመረመች፤ ለሰው የማይነገር ስድብ ሳይሆን አይቀርም።

እናቲቱ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትነሳ ሜትር ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ እጇን አልያዘችውም። በር ላይ ስትደርስ ግን ቆመችና፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

“ከኛ ቀጥሎ ያለው ቤት መንታ አሉ። ዓመት ከግማሽ ናቸው። በፊት ሲያለቅሱ ሌሊቱን አያስተኙንም ነበር። ሰሞኑን ዝም ብለዋል።”

ወጥታ መኪናው ውስጥ ገባች።

ሰባት ዓመት የሠራች ሴት ዝም ያለ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሜትር ሰደርያዋን አወለቀች፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጥ የለበሰችው አሮጌ ሹራብ ብብቱ ላይ ተቀዷል፤ እስከ ዛሬ ሰደርያው ይሸፍነው ነበር። የባሏ እግር ትዝ አላት፣ የልጆቿ የትምህርት ቤት ጫማ ትዝ አላት፣ በየወሩ መጨረሻ የምትቀበላት አበል ትዝ አለቻት። ቤታቸው የሚተዳደረው በሷ ነው።

“ነይ እንጂ፣ ግቢ!” አለ ሱፐርቫይዘሩ ከመኪናው ሆኖ። “እየረፈደብን ነው።”

“ሲስተር፣ መለኪያውን አበድሪኝ” አለች ሜትር።

“ቢሮ አትሄጂም?”

“አልሄድም።”

“አብደሻል? ያባርሩሻል እኮ።”

“ያባርሩኝ።”

ሲስተር መለኪያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ ወዲያው ግን አልሰጠቻትም። “የዛሬን ቁጥርሽን ማን ያምናል?”

“ማንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ያለው ሰው ቆሞ ይይ። ማንበብ ባይችል ቀለሙን ያያል። ካየ በኋላ ይፈርምልኝ፣ ካላየ አልጽፍም። ነገ አንቺ ደግመሽ ለኪያቸው።”

ሲስተር ወደ በሩ ወጥታ ወደ መኪናው ጮኸች። “አንተ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልክህን ክፍት አድርግ! ቁጥሩን እኔ ነኝ የምነግርህ፣ በኔ ኃላፊነት!” ተመልሳ መለኪያውን ሜትር መዳፍ ላይ ጣለችው። ቀጥሎም ሁለት ፓኬት አልሚ ምግብ ከካርቶን አውጥታ ወረወረችላት። “ለመንታዎቹ። ፊትሽ ይብሉ። መብላት እምቢ ካሉ አንድ ደቂቃ እንዳትቆሚ፣ ተሸክመሽ አምጪልኝ። ቁጥሮቹን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አድርሺልኝ። ደግሞ እንዳታለቅሺብኝ፤ ለቅሶሽ ለማንም አይጠቅምም።”

መኪናው ያለ ሜትር ሄደ። እሷ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በእግሯ ወረደች። ሰዓቱ ወደ ስድስት ይጠጋል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰፈሯን ስታቋርጥ ልጆች አይተዋት “ሜትር! ሜትር!” ብለው ተከተሏት። ጡንቻቸውን አሳዩዋት። ሌላ ቀን ቢሆን ቆማ ትነካላቸው ነበር። ዛሬ ግን ስሙ ራሱ አሳፈራት፤ አንገቷን ደፍታ እርምጃዋን አፈጠነች። ወንዙን ስትሻገር አሸዋው በጫማዋ ገባ፤ ሳታራግፈው ወጣች።

የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ጥላ ስር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ከልለው የሚመጣውን ሰው ለመለየት ይታገላሉ። ጓዳው ውስጥ የሰው እንቅስቃሴ የለም፤ ጎልማሳው ሁሉ ውሃና እንጨት ፍለጋ እንደወጣ ነው። ሜትር ከፊታቸው ቆመች። ሰደርያ የለ፣ ባጅ የለ፣ የሚታይ ነገር የላትም።

“ማነሽ ልጄ?” አሉ አሮጊቷ። “ከጤና ነሽ?”

ከጤና ነኝ ብትል ይበቃ ነበር። ደስ ብሏቸው “ግቢ” ይሏት ነበር፤ ሥራዋን ሠርታ ትወጣለች፣ ማንም ምንም ሳያውቅ።

“ከሃያ ሦስት ቀን በፊት መምጣት የነበረብኝ ነኝ፣ እማማ” አለች። “አልመጣሁም። ሳልመጣ መጥቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። መንታዎቹ በየት በኩል ናቸው?”